የአያ ኤሊ ሁለተኛ ገበጣ

ወሬን ከእውነት መለየት የምትችሉ ሁሉ ቀረብ በሉ። የማትችሉም ራቅ አትበሉ፤ ተረቱ ይበልጡን የሚመለከተው እናንተን ነው።

እንስሳት እንደ ሰው በሚነጋገሩበት፣ ዕቃም ሲከፋው በሚያጉረመርምበት በዚያ በጥንት ዘመን፣ አያ ኤሊ የሚባል ኩሩ እንጨት ጠራቢ ነበረ። ገበጣን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረበው እርሱ ነው፤ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ። ጅብ ተጫወተው፣ ጦጣ ተጫወተችው፣ አህያም በዚያ በማይመች ኮቴው ጠጠር እየበተነ ተጫወተው።

አያ ኤሊ ግን አንድ ክረምት ቤት አልባ ሆነ። ይጠለልበት የነበረውን ቋጥኝ ጎርፍ ወሰደበት፤ በጋው ቢገባ ጀርባው በፀሐይ መሰንጠቁ ነው። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለ አያ አንበሶ አስጠራው። አያ አንበሶን በገበጣ የሚያሸንፍ አንድም ደፋር ስላልነበረ፣ ማሸነፍ ሰልችቶት ነበር።

"አዲስ ጨዋታ ጥረብልኝ። መስከረም ሲጠባ በጉባኤ ፊት ትገልጠዋለህ። ካስደነቅኸኝ፣ የወንዙ ዳር ሾላ ጥላ ዕድሜ ልክህን ያንተ ነው። ምን እንደሆነ አስቀድሜ ካወቅሁ ግን ምኑ ያስደንቀኛል? ጥላውን ለጉማሬ እሰጠዋለሁ" አለው።

አያ ኤሊ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ "ጌታዬ፣ ከእኔ አፍ አንዲት ቃል አትወጣም" ሲል መለሰ።

ከወንዙ ፏፏቴ ጀርባ ወዳለው ዋሻም ገባ። የዋንዛ ግንድ አጋደመ፤ መሮውን አነሣ፤ ድምፁን ፏፏቴው እየዋጠለት ይጠርብ ጀመር።

ከዕለታት በአንዱ ቀን መሮው ደነዘ፤ አያ ኤሊም በወንዙ ዳር ባለው የመሳያ ድንጋይ ላይ ትቶት ውኃ ሊጠጣ ሄደ። መሮው ብቻውን ሲቀር ሆዱ አልችል አለው።

"ስማ፣ ድንጋይ፤ ሁለተኛ ገበጣ እየጠረብን ነው" አለ።

"ለማን እነግራለሁ? እኔ ድንጋይ ነኝ" አለ ድንጋዩ።

እመት ጦጢት ግን ከበላያቸው ካለው ዛፍ ተንጠልጥላ ትሰማ ነበር። ወዲያው እንስሳት ወደሚሰበሰቡበት የወንዙ መሻገሪያ ሮጣ፣ "ጉድ ስሙ! ሁለተኛ ገበጣ አለ! አርባ ጉድጓድ አለው! ዛፍ ላይም ይወጣል!" አለች።

ወሬው ሲደርሰው አያ ኤሊ መሮውን ተቆጣ።

"አንተ ከዳተኛ!"

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ የነገርሁት ለድንጋይ ነው!"

አያ ኤሊ ሰማ፤ ዋጠ፤ መጥረቡን ቀጠለ።

በሌላ ቀን ደግሞ ፏፏቴው ከዋሻው ጥቂት የእንጨት ፍቅፋቂ ጠራርጎ ወደ መሻገሪያው አወረደ። አያ ጅቦ አንዱን አንሥቶ አሸተተ፣ ላሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይህ ተራ እንጨት አይደለም። ቅልጥም ቅልጥም ይላል። አዲሱ ገበጣ ከአጥንት የተሠራ ነው፤ ያሸነፈ ይግጠዋል" ብሎ ፈረደ።

አያ ኤሊ ይህንንም ሰማ፤ ዋጠ፤ መጥረቡን ቀጠለ።

በሦስተኛው ጊዜ አያ ኤሊ ውኃ ሊጠጣ ወደ መሻገሪያው ቢወርድ፣ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይከራከራል። አያ አህዮ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ዘመዴ በዓይኑ አይቷል። አያ ኤሊ አርጅቶ እጁ ይንቀጠቀጣል አሉ። ጉድጓዶቹን አጣምሟቸዋል አሉ።"

አያ ኤሊ ሰማ። ሊውጥ ሞከረ። አልወርድ አለው።

"አጣምሟቸዋል? እኔ?" ብሎ ጮኸ። "ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት፣ በድምሩ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ነው! አንዱም የፀጉር ያህል አልተዛነፈም!"

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ለአያ ኤሊ ጉማሬ በሾላው ጥላ ሥር ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ታየው።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ በሳቅ ፈነዳ። "አንድ ረድፍ ብቻ ጨምሮ? ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ የተደበቀው?"

"ሊያታልለን ነው! እውነተኛውን ደብቆ የውሸቱን ነገረን! የእኔው አርባ ጉድጓድ ነው ትክክሉ!" አለች እመት ጦጢት።

"እንደሚያታልለንማ ዘመዴ አስቀድሞ ነግሮኛል" አለ አያ አህዮ።

እመት ጦጢት በዚህ አላበቃችም። እየዘለለች ወደ አያ አንበሶ ሄዳ፣ "ጌታዬ፣ በአዲሱ ገበጣ መካከል የእርስዎ መልክ ከነጎፈሩ ተቀርጿል" ስትል ሹክ አለችው።

መስከረም ጠባ፤ ጉባኤው ተሰበሰበ። አያ አንበሶ ተቀረጸ ከተባለው መልክ ጋር እንዲመሳሰል ጎፈሩን አስበጥሮ፣ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ተቀመጠ። አያ ኤሊ ገበጣውን የሸፈነበትን ቅጠል ገለጠ። ሦስት ረድፍ፣ አሥራ ስምንት ጉድጓድ፤ ሌላ ምንም የለበትም።

አያ አንበሶ ከፊት አየው፤ ዞሮ ከኋላ አየው፤ ገልብጦም ከሥር አየው።

"እኔ የታለሁ?" አለ።

አያ ጅቦ ግን በንዴት ተነሥቶ፣ "ኧረ ይህንኑ ነግሮን ነበር! ረድፉን ከነጉድጓዱ! ያላመንነው እኛ ነን!" አለ።

"ነግረሃል?" ሲል አያ አንበሶ አጉረመረመ።

አያ ኤሊ የሾላውን ጥላ በዓይኑ ተሰናበተው። መዋሸት ግን ለክብሩ አልመጥን አለው።

"ነግሬያለሁ፣ ጌታዬ። ተናድጄ ከአፌ አመለጠኝ። ሆኖም ቃልዎ 'አስቀድሜ ካወቅሁ' የሚል ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበርን?"

አያ አንበሶ አውቅ ነበር እንዳይል፣ መልኩን አገኛለሁ ብሎ ያስበጠረው ጎፈሩ ይመሰክርበታል። ገበጣውን አንድ ጊዜ ደግሞ ተመለከተ።

"አላውቅም ነበር። ይልቁንም ከተወለድሁ እስከ ዛሬ፣ እኔ የሌለሁበት ነገር እንዲህ አስደንቆኝ አያውቅም። ጥላው ያንተ ነው" ብሎ ፈረደ።

አያ ኤሊ በሾላው ሥር ቤቱን ሠራ። ከዚያም የውኃ ቅሉን የሚሰቅልበት መስቀያ ሲጠርብ አንዲት ፍቅፋቂ ወደቀች።

"ሦስተኛው ገበጣ!" ብሎ አያ ጅቦ ከወንዙ ማዶ ጮኸ።

"ክንፍ አለው!" አለች እመት ጦጢት።

"ዘመዴ እንደሚለው ከሆነ ግን፣ እንደ ልማዱ ተጣምሟል" አለ አያ አህዮ።

አያ ኤሊ አንገቱን አወጣ። አፉን ከፈተ። ከዚያ የተቀመጠበትን ጥላ አየና፣ ራሱን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መልሶ ከተተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ኤሊ ሁካታ በሰማ ቁጥር ራሱን የሚሸሽገው ስለዚህ ነው።

ምክሩ ይህ ነው፦ ምስጢር ያለው ሰው መሮውንና ፍቅፋቂውን ከመጠርጠሩ በፊት፣ ሲነኩት የማይችለውን ኩራቱን ይጠርጥር።

እኔ ያየሁትን ያህል ነገርኋችሁ። ከዚህ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ፣ ዘመዱን ይጥራልን።