የታሸገችው ሞተር

አንድ የከብት ሐኪም ነበረ፤ ከአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል በቀር ሀብት የሌለው።

ይህን የምነግርህ «ጋሼ፣ በሐሰት ወንጅለው ከመምህርነቴ አባረሩኝ፤ ሌላ ቦታ ብቀጠር ደግሞ ምንም አልጎደለበትም ይሉኛል። እስኪፈረድልኝ ሥራ ፈትቼ ብቀመጥ ተሳሳትኩ ወይ?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው። የእህቴ ልጅ ነህና ዝም ልልህ አልችልም።

ሞተሯ ትንሽና ቀጭን ነበረች፤ ጭስ ማውጫዋ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ለፍየል መንገድ የተሠራች። ቤንዚኗ ከዘይት ጋር ተለክቶ ካልተቀላቀለ ውስጧ ደርቆ ይሞታል። ሐኪሙ ቅዳሜ ቅዳሜ የአየር ማጣሪያዋን በቤንዚን ያጥባል፤ ሰንሰለቷን ዘይት ይቀባል፤ እሳት የሚጭረውን ካንዴላዋን ፈትቶ ቀለሙን ያያል። ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ እንኳ ቤንዚኑን ዘግቶባት አይቆይም። ቤንዚን የተነፈገች ሞተር ዘይትም እንደምትነፈግ ስለሚያውቅ፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ይሰጣታል። ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ላሉት ገበሬዎች የሚደርስላቸው በእርሷ ነበር። ማዶኞቹ ድምጿን ከሩቅ ሲሰሙ በሬዎቻቸውን እየነዱ ይወጣሉ። ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቱም ከእነርሱ ጋር ትኖር ነበር።

ከዚያ አንድ ሹም «ለስብሰባ እፈልጋታለሁ» ብሎ ወሰዳት።

«ጌታዬ፣ ዘይት መቀላቀሉን አይርሱ» አለው ሐኪሙ።

«ጭሱ ሱሪዬን ያጠቁርብኝ?» አለና ዘይት ያልነካው ቤንዚን ሞላባት። ዳገቱ መካከል ፒስተኗ ሲሊንደሩን ነክሶ ግትር ብላ ቀረች። ሰዎች ተሸክመው መለሷት። ሹሙም፣ «ድሮም አሮጌ ነበረች፤ እኔ ዘይቱን ቀላቅዬ ነው የነዳኋት» ብሎ ካደ። የሚመስለው ሹም በየቦታው ስላለ ስም አላወጣሁለትም።

ሐኪሙ ከሰሰ። መካኒክ መጥቶ ሞተሯን አያትና፣ «የተቧጨረውን አስተካክዬ ሌላ ፒስተን ብከትላት ትነሳለች» አለው።

«እንዳትነካት! ዘይት እንዳልነበራት የሚያሳየው ያ ጭረት ነው። ምስክሬ ናት።»

«ምስክር? ችሎት ቆማ ቃሏን ልትሰጥ ነው? ኧረ ሰውዬ፣ አሮጌውን ፒስተን ከነጭረቱ በጨርቅ ጠቅልዬ እሰጥሃለሁ፤ እሱን አሳያቸው!»

«ስትሄድ ያየ ሁሉ ‹ታዲያ ምን ሆነች?› ይላል። ተሰብራ ትታይልኝ።»

ከዚያም ብሎኖቿን በሰም አሸገ። ዛገች እንዳይሉበት ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠቡንና መወልወሉን አልተወም። ደጁን የረገጠ ሰው ሁሉ ሞተሯን ሳያይና ግፉን ሳይሰማ አይወጣም ነበር። ቀጠሮው ግን ይሰጣል፣ ይተላለፋል፤ ይሰጣል፣ ይተላለፋል።

በዚህ መካከል ማዶ አባ ሰንጋ ገባ። ይህ በሽታ በሬውን ገድሎ አይበቃውም፤ ሥጋውን የበላውንም ይገድላል። የእህቱ በሬ ወደቀ። በአገራችን ራሱ የሞተ ከብት አይበላምና፣ ከብት ሲያጣጥር ቢላዋ ይሽቀዳደማል። ጎረቤቶቿ ቢላዋ ይዘው መጡ፤ «ጥምብ ሳይሆን እንድረስበት» አሏት።

«ቆዩ» አለች፤ መካኒክ እንደመጣላት ሰምታ ሞተሯ የተነሳች መስሏት ነበር። «ለወንድሜ ልኬበታለሁ። የሞተሯን ድምፅ ሳልሰማ ማንም ቢላዋ አያነሳም። ይበላ ካለ ይበላል።»

መልእክቱ ደረሰው። ሞተሯ ደጁ ላይ ታብረቀርቃለች፤ ሰሟ እንዳለ ነው። መድኃኒቱን በትከሻው አንግቦ በእግሩ ወጣ። ሞተሯ ብትነሳ ኖሮ በሬው በሕይወት እያለ ይደርስ ነበር።

ማዶ ሲመሽ በሬው መንፈራገጥ ጀመረ። ከገደሉ በኩል ምንም አይሰማም። «የታል ያ ወንድምሽ?» አሏት። ጥቂት አዳመጠችና «በሉ እረዱት» አለች።

በማግስቱ ሲደርስ ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቷል። እህቱ እየሳቀች ወጣችና፣ «ምነው ዘገየህ? ድርሻህን አስቀምጬልሃለሁ» አለችው።

ሳምንቱ ሳይሞላ ቀበራት።

ከዚያ ችሎቱ ተጠራ። ሰሙ ተፈቀፈቀ፤ ሲሊንደሩ ተከፈተ፤ ጭረቱ ታየ፤ ተፈረደለትም። ሹሙ ግን አስቀድሞ ዕድገት አግኝቶ ተዛውሮ ነበርና፣ ፍርዱ ሲነበብ ቆሞ የሰማው ጥቁር የለበሰው ሐኪም ብቻ ነበር።

እንግዲህ ስማኝ፣ ልጄ። ሐኪሙ ዋሽቷል አላልኩህም፤ ተበድሏል። አንተም ተበድለሃል። ይቅር በላቸው ብዬም አልሰብክህም፤ እኔ ራሴ ይቅር ያላልኳቸው አሉ፣ ይዣቸው መቃብር እወርዳለሁ። ክስህን አትተው። ነገር ግን እውቀትህን አሽገህ «እንዴት እንደሰበሩኝ እዩ» እያልክ ደጅ ላይ ካቆምከው፣ የሹሙን ሥራ የምትጨርስለት አንተ ነህ። ሐኪሙ የምትጠብቀው እህት ነበረችው። አንተን የሚጠብቅህ ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። እንዲህ ያለው ሰው የሚታወቀው ከቀበሩት በኋላ ነው።

ቆላ ያለው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር አጥተናል ብሎ ልኮብህ የለም? ሰኞ ተሳፈር። ችሎት ሲጠራህ ከዚያ መጥተህ ትቆማለህ።