የማይተካው ተጫዋች

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደል ስለምሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሰኞ በሥራ ሰዓት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኳስ ማሳያው ቤት ተቀምጠው፣ የሚደግፉት የስፔን ቡድን እሁድ የተሸነፈበትን ጨዋታ በድጋሚ እያዩ ተጫዋቾቹን ይሰድቡ ነበር። በር ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ሴት ጠሩና፣

«የዚህ ቡድን የማይተካ ተጫዋች ማነው? ከተሳሳትሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ አትሸጪም» አሏት።

«ያልተሰለፈው ነዋ፣ ጋሼ! የተሰለፉትንማ ሁሉንም ሰደቧቸው።»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«የእርስዎ ቢሮ። ለንግድ ፈቃዴ በመጣሁ ቁጥር ሁሉም ሰው አለ፤ ማህተም ያዡ ብቻ የለም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም አፍረው ተዉአት።

እኔ አልሳቅኩም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም እንጂ፣ እዚያ የሄድኩት ከኋላ ወንበር ተደብቆ ኳስ ለሚያየው አባቴ ምሳ ላደርስ ነበር። ማህተም ያዡ እሱ ነው።