በገና ሜዳ የተሰማ አቤቱታ

በደሉን ይዞ ቤቱ ውስጥ የሚብሰለሰል ሰው ሲያጋጥማቸው የላይ ጎጥና የታች ጎጥ ሰዎች አንዲት አባባል ይወረውሩለታል። አባባሏ ከችሎት የወጣች ይመስላል፤ የተወለደችው ግን አቧራ ውስጥ፣ በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ነው።

በታች ጎጥ ፈንቴ የሚባል ገበሬ ነበር። ጉልበቱ የበሬ፣ ልቡ የዋህ፣ ምላሱ ግን ተብታባ። ሰው በተሰበሰበበት አፉን ሲከፍት ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፤ እሱ ሲታገል ሌላው ይጨርስለታል፣ ያውም ያላሰበውን ብሎ። በዚህ የተነሣ ዝምታን መረጠ። የድንበር ጎረቤቱ የላይ ጎጡ አስናቀ ይህን ዝምታ ወደደው። በየእርሻው ወራት አንዳንድ ፈር እየገፋ ገባ፣ ገባ፣ በመጨረሻ በሁለቱ መካከል የቆመው የድንበር ድንጋይ በአስናቀ ማሳ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

የፈንቴን ሚስት ዘርፌን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቷታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ነገ ልጆቻችን ድንጋይ ሊያርሱ ነው? ሂድና ጭቃ ሹሙ ዘንድ አቤት በል እንጂ!»

«ጭ... ጭቃ ሹሙ ዐይን የላቸውም? በ... በበቅሎ በዚያው ያልፋሉ። ድንጋዩን ያ... ያዩታል። አይተው ዝም ካሉ ከአስናቀ ጋር ናቸው።»

እንዲህ ብሎ ልቡን ዘጋ። ጭቃ ሹም ጎሹ የሁለቱም ጎጥ ዳኛ ናቸው፤ የገናውን ጨዋታም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ፈንቴ ከሩቅ ሲያያቸው እጅ ይነሣል፤ ውስጡ ግን ይቃጠላል።

ገና ደረሰ። በዚያ አገር የጨዋታው ደንብ ለብቻው ነው። ከእንጨት የተጠረበችው እሩር በቆልማማ ዱላ ትመታለች፤ በእግር መንካት ነውር ነው። ነውሩን ግን ዳኛው ከራሱ አያነሣም። የተበደለው ወገን እሩሯ ዳግመኛ ሳትመታ «አቤት!» ማለት አለበት። ከተመታች ወዲያ ቢጮኹ፣ ቢምሉ፣ መሬት ቢቧጥጡ ነገሩ አልፏል። የአገሩ ሽማግሌ አባ ጠንክር ይህን ደንብ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሁልጊዜ ያውጃሉ፤ ሁሉም በልቡ ስለሚያውቀው የሚሰማቸው የለም።

የዚያን ቀን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እኩል ለእኩል ነበሩ። ታች ጎጥ ለዓመታት ሲሸነፍ ኖሮ የላይ ጎጥን የስድብ ዘፈን ጠግቧል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና መቆጣትም አይቻል። ዛሬ ግን ተስፋ አለው። ከመስመሩ አጠገብ ግርግር ተነሣ፤ ዱላ ከዱላ ተጋጨ፤ አቧራው ሰውን ዋጠው። አስናቀ በዚያ መሀል እሩሯን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከታች ጎጥ መስመር አሳለፋት። ላይ ጎጦች በጭፈራ ሜዳውን ሞሉት።

ከታች ጎጥ ያየ ፈንቴ ብቻ ነበር። ወገኖቹ ዐይናቸውን እያሹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጉብታው ላይ የቆሙትን ጭቃ ሹም ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም ፈንቴን ትክ ብለው እያዩት ነው፤ አንዲት ቃል ግን አልወጣቸውም።

«አ... አ... አ...»

አስናቀ የሚመጣው ወዲያው ገባው። እሩሯን አንሥቶ ጨዋታው ዳግም ወደሚጀመርበት ወደ ሜዳው መሀል ሮጠ፣ ጣላት፣ ዱላውን ሰነዘረ። እሩሯ ስትፈናጠር ነው ፈንቴ የጨረሰው።

«...አቤት!»

«አልፏል!» አለ አስናቀ እየሣቀ። «ተመትታለች! አባ ጠንክር ደንቡን ይመስክሩ!»

ሕዝቡ ወደ ጉብታው ዞረ። ይኸው፣ አለ ፈንቴ በልቡ፣ አሁንም ዝም ሊሉ ነው።

ጭቃ ሹም ጎሹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደንቡ ሳትመታ አቤት በል ይላል፤ ሳትመታ ጨርስ አይልም። ቃሉ ሲጀመር እሩሯ ገና አልተመታችም ነበር። አቤቱታው ደርሷል።»

«ጌታዬ፣ ይኼ ሰው ዛሬ ጀምሮ ለጥምቀት ነው የሚጨርሰው!» አለ አስናቀ።

ሰው ሁሉ ሣቀ። ጭቃ ሹሙ አልሣቁም።

«ለጥምቀትም ይሁን እንጠብቀዋለን። በል ፈንቴ፣ ምን አየህ?»

ፈንቴ ላብ አጠመቀው። ማንም አልጨረሰለትም።

«በ... በእግሩ... ገ... ገፋት።»

«እኔም አይቻለሁ» አሉ ዳኛው። «እሩሯ አላለፈችም።»

«ጌታው፣ ካዩ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ብሎ አንዱ ከታች ጎጥ ጮኸ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ይህች ቃል ፈንቴን ከዱላ በላይ መታችው። ጨዋታው ቀጠለ፤ እሱ ግን እሩሯን ትቶ ያንን ድንጋይ ያስብ ነበር። ሳይሸናነፉ መሸ። ሰው ጋቢውን አራግፎ ሊበተን ሲል ከኋላ ድምፅ ተሰማ።

«አ... አ... አቤት!»

«ኧረ ጨዋታው አልቋል!» አለ አስናቀ።

«የ... የገናውን አይደለም» አለ ፈንቴ። ወደ ጉብታው ወጥቶ ዳኛው ፊት ቆመ። «የ... የድንበሬን ነው። ድንጋዩ... ድንጋዩ እሱ ማሳ ውስጥ ገ... ገብቷል።»

አስናቀ ወደ ሰዉ መሀል ሸሸግ ሊል ሞከረ። ጭቃ ሹሙ ግን ፊታቸው በራ።

«እሰይ! በዚያ በኩል ሳልፍ በቅሎዬን ዝግ የማደርጋት ለምን ይመስልሃል? ወጥተህ አቤት እስክትለኝ ነበር እኮ። ሰኞ ከሽማግሌ ጋር ድንበሩ ላይ እንገናኝ። አንተም አስናቀ፣ እስከዚያ እግርህን ሰብስብ።»

ከሴቶቹ መሀል የቆመችው ዘርፌ እልል ልትል ዳድቷት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ድንበሩ ሰኞ በሽማግሌዎች ፊት ወደ ድንጋዩ ተመልሷል። ፈንቴ ግን ያን ማታ ከጉብታው ሲወርድ ድንጋዩን ረስቶታል፤ በከንቱ ስለጠላቸው ሰው እያዘነ፣ ድምፁን በማግኘቱ እየተደሰተ ነበር።

«አ... አይተው ኖሯል፣ አባ ጠንክር! ይህን ሁሉ ጊዜ አይተው ኖሯል!»

ሽማግሌው ትከሻውን ደገፍ አሉና፣ «አዎን ልጄ፤ ዳኛ ዐይን አለው፣ አፉን የሚከፍተው ግን አቤት ባይ ነው» አሉት።