ዐይኑን የጨፈነው ሌንስና ሦስቱ የተልባ አበቦች

ተረቴን ላውጋ፣ ጆሮ ያለው ወደኔ ይጠጋ። ለመሣቅ የመጣ ካለ ግን ከአሁኑ ይነሣ፤ የዛሬው ተረት ሣቅ የለበትም።

ዕቃ ሁሉ ከዕቃ ጋር ይጫወት በነበረበት ዘመን፣ በአንዲት የገበያ ከተማ ጋሽ መንበሩ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ጋሽ መንበሩ አንዲት ጥቁር ካሜራ ነበረቻቸው። እመት ካሜራ ፊት ላይ ደግሞ አንድ ሌንስ ተገጥሞ ነበር። የፎቶ ቤቱ ዕቃ ሁሉ፣ በርጩማው ሳይቀር፣ አያ ሌንስ ይለው ነበር።

አያ ሌንስ ኩሩ ነበር። ለምንስ አይኮራ? ሙሽራው በፊቱ ቆሟል፣ ዳኛው በፊቱ ቆሟል፣ ጳጳሱም በፊቱ ቆመዋል። በከተማው ውስጥ እሱ ያላየው ፊት አልነበረም።

"የሰውን ፊት ሁሉ ታውቃለህ፤ ከኋላህ ያለውን ግን ታውቀዋለህ?" አለችው አንድ ቀን እመት ካሜራ።

"ከኋላዬማ ጋሽ መንበሩ ናቸው። እሳቸውን ማየት ምን ያደርግልኛል?" አላት።

ዘመን ተገለበጠ። ሰው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ራሱን በራሱ ማንሣት ጀመረና ፎቶ ቤቱ ጭር አለ። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ የጋሽ መንበሩ ሚስት ወይዘሮ የሻሽ ሞቱ። ጋሽ መንበሩ የከተማውን ፊት ሁሉ ሲያነሡ፣ የሚስታቸውን ፊት ነገ ነገ ሲሉ ሳያነሡት ቀሩ። ለተዝካሩ ፎቶ ቢፈለግ ጠፋ። ፎቶ አንሺ ቤት ፎቶ ጠፋ ተብሎ ሰው በሹክሹክታ ተነጋገረ፤ ሰው መቼም ወሬ አያልቅበትም።

መስከረም ሲገባ ጓሮ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንዲት ተልባ ቀጥ ብላ ታየች። ወይዘሮ የሻሽ ለመጨረሻ ጊዜ ተልባ ሲያበጥሩ ከሰፌዱ ያመለጠች ፍሬ ነበረች። ሦስት እንቡጥ ይዛለች። የተልባን አበባ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጧት ትፈካለች፣ ቀትር ሲሆን ትረግፋለች። ዕድሜዋ ያ ነው።

ጋሽ መንበሩ ጎንበስ ብለው አዩዋትና፣ "የሻሽን ሳላያት አለፈች። ይችን እንኳ ልያት። ውስጧን ልያት" አሉ።

አያ ሌንስ ግን የሩቅ ተመልካች ነው፤ ነገር ሲቀርበው ይደበዝዝበታል። ጋሽ መንበሩ የድሮ ሰው ናቸውና የድሮ ዘዴ ያውቃሉ። ሌንሱን ፈቱት፣ አዞሩት፣ ፊቱን ወደ ካሜራዋ ሆድ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርገው ገጠሙት። የተገለበጠ ሌንስ ከስንዝር ባነሰ ርቀት ያለውን ነገር አግንኖ ያሳያል፤ የጉንዳን እግር የበሬ እግር ያስመስላል።

አያ ሌንስ ደሙ ፈላ። "ፊቴ ወደ ጓዳ፣ ጀርባዬ ወደ ጓሮ? ጳጳስ ያየሁት እኔ?" አለ።

"ተው፣ ሦስት አበባ ነው። ሦስት ጧት ነው" አለችው እመት ካሜራ።

"አላይም" አላት።

ሌንስ በሆዱ ውስጥ እንደ ዐይን ቆብ የሚከፈትና የሚዘጋ ስስ ብረት አለው። በወጉ ሲገጠም እመት ካሜራ ታስከፍተዋለች፤ ሲገለበጥ ግን እጇ አይደርስበትም። አያ ሌንስ ብረቱን ሰበሰበ። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብቻ አስቀረና ዐይኑን ጨፈነ።

በመጀመሪያው ጧት ታላቋ አበባ ፈካች። ጋሽ መንበሩ ተንበረከኩ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ካሜራዋን ወደፊት ጥቂት፣ ወደኋላ ጥቂት አደረጓት። ጨለማ ነው።

"ምነው፣ አንተ ነህ?" አለች እመት ካሜራ።

"እኔ ምን አደረግሁ? ነፋስ ነው። አበባዋን እያወዛወዘ አላሳይ አላቸው" አለ አያ ሌንስ።

አያ ነፋስ ከአጥሩ ላይ ሰማና፣ "እኔ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ተቀምጫለሁ። ላባ እንኳ አላነሣሁም" አለ።

ቀትር ሆነ። ታላቋ አበባ፣ "ቆሜ ጠበቅሁ፣ ያየኝ ግን የለም" ብላ ረገፈች።

በሁለተኛው ጧት መካከለኛዋ ፈካች። ጋሽ መንበሩ ተንበረከኩ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ወደፊት ጥቂት፣ ወደኋላ ጥቂት። ጨለማ ነው።

"ዛሬስ አንተ ነህ?" አለች እመት ካሜራ።

"እኔ ምን አደረግሁ? ንብ ናት። ፊቷ ላይ ተቀምጣ ጋረደቻት።"

እመት ንብ ከቀፎዋ አፍ ሆና፣ "ጤዛ ሳይደርቅ መቼ ወጥቼ አውቃለሁ? የራስህን ነገር በኔ አታላክክ" አለችው።

ቀትር ሆነ። መካከለኛዋ፣ "አይተውኝ ይሆን?" ብላ ጠየቀች። ወዲያው ረገፈች። ጋሽ መንበሩ ካሜራዋን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ዐይናቸውን አሹ። "ዐይኔ ነው እንግዲህ። አለቀለት" አሉ። አያ ሌንስ ሰማ። ሊከፍት ዳዳው፤ ግን አንዴ አኩርፏልና እንዴት ይመለስ?

በሦስተኛው ጧት ታናሿ ፈካች። ጋሽ መንበሩ ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ። ወደፊት ጥቂት፣ ወደኋላ ጥቂት። ጨለማ ነው። አልተነሡም። ፀሐይዋ እየወጣች፣ ጥላው እያጠረ፣ እሳቸው ዐይናቸውን ከካሜራዋ ሳይነቅሉ ቀሩ።

ዛሬ ከእመት ካሜራ ቀድማ የተናገረችው ታናሿ ናት።

"አያ ሌንስ፣ ነፋሱን ከሰስህ፣ ንቧን ከሰስህ። ዛሬ የቀረሁት እኔ ነኝ። ብትከሰኝም ቀትር ላይ ረግፌ ለክሱ አልደርስም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ፊትህ ወዴት ነው የዞረው?"

"ወደ ጓዳ" አለ አያ ሌንስ።

"እዚያ ማን አለ?"

አያ ሌንስ ይኸን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ዐይኑን በትንሹ ገለጥ አደረገ። በእመት ካሜራ ሆድ ውስጥ መስተዋት ነበረች፤ በመስተዋቷ ውስጥ የጋሽ መንበሩ ዐይን ነበረ። ሠላሳ ዓመት ከኋላው የቆመው ዐይን። ሞራ ውጦታል፤ ከመሀሉ የቀረችው ጥቁር ነጥብ የተልባ ፍሬ አታክልም። ጋሽ መንበሩ ለማየት የታገሉት በዚያች በቀረችው ነጥብ ነበር። ጥቂት ብርሃን ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ ጥቂቷን የከለከላቸው እሱ ነው።

"ወየው ለኔ" አለ አያ ሌንስ። ብረቱን አንድ ሳያስቀር ከፈተ።

"በራ" አሉ ጋሽ መንበሩ።

ብርሃኑ ሞላ። ጋሽ መንበሩ የተልባዋን አንገት አዩ፤ ፀጉሯን፣ ጤዛ የደረቀበትን ሥፍራ እንኳ አዩ። ቀትር ግን ሆኗል። አንገቷ ራቁቱን ነበር። አምስቱ ሰማያዊ የአበባዋ ቅጠሎች መሬት ላይ ነበሩ።

ጋሽ መንበሩ ካሜራዋን ጥቂት ወደፊት አስጠጉ። ከዚያ፣ "ዘግይቼም ቢሆን ደረስሁልሽ፣ የሻሽ" አሉና ጠቅ አደረጉት።

ያ ፎቶ ከሙሽሮቹ ፎቶ አጠገብ ተሰቀለ። ሰው ገብቶ፣ "ይህ ባዶ እንጨት የምን ፎቶ ነው?" ሲላቸው፣ "የባለቤቴ ነው" ይላሉ። ኅዳር ሳይገባ ዐይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ካሜራዋን መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት፤ አያ ሌንስንም እንደተገለበጠ ረሱት። ወደ ቦታው የመለሰው የለም።

እመት ካሜራ አዝናለት፣ "አሁንማ ጨፍን፣ ዕረፍ" ትለዋለች።

"ምናልባት ተመልሰው ያዩብኝ እንደሆነ" ይላታል። እስከ ዛሬ እንደከፈተ ነው። የሚያየው ግን የካሜራዋን ባዶ ሆድ ብቻ ነው።

ኩርፊያ ነገን ይጠብቃል፤ አበባ ግን ነገ የላትም። ተረቴ አለቀ፤ ልብ ያለው ቶሎ ታረቀ።