ያልተለካው ኖት

አንድ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ነበር፤ ስሙ አቶ ዘውገ። ገበያው መግቢያ ላይ ባለች ጠባብ ሱቁ የጥንት የብር ኖቶችን እየገዛ ይሸጣል። ሰው ማመን የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ጠርጥር፤ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ይደግማት ነበር። ኖት ሲመጣለት መጀመሪያ ያሸተዋል፤ ታጥቦ እንዳይሆን። ቀጥሎ በጣቱ ይዳስሰዋል፤ በካውያ ተተኩሶ እንዳይሆን። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ያየዋል፣ በመጨረሻም በማስመሪያ ይለካዋል። ሻጩም ቢሆን ከምርመራው አያመልጥም፤ ጫማው ሳይቀር ይታያል።

«በዚህ ሙያ ዳኛው ዓይን ነው» ይላል። «ሁለት ኖቶች ባንድ ቀን ቢታተሙ፣ ሥዕሉ ከወረቀቱ መሃል የተቀመጠውና ነጭ ኅዳጉ በግራም በቀኝም እኩል የሆነው፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለው እጥፍ ያወጣል።»

እሱም እንዲህ ያለ አንድ ኖት ነበረው፤ የንጉሡ ዘመን መቶ ብር። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ኅዳጉ ጠበብ ቢልም ግራና ቀኙ ልክክ ያለ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ሲያሳየው ኖሯል። የገበያው ሰው «ዓይን ማለት የዘውገ ዓይን» የሚለውም በዚሁ ኖት የተነሣ ነው። ይህን ኖት ሲገዛ ግን አላሸተተውም፣ አልለካውም። ገና ሲያየው ልቡ ድንግጥ አለና ሻጩ የጠራውን ከፍሎ ወሰደው፤ አለቀ።

አንድ ቀን ወይዘሮ አመለወርቅ የምትባል ሴት ወደ ሱቁ መጣች። ባሏ በቅርቡ ሞቶባታል። የሟቹን ዳዊት ስትገልጥ ከገጾቹ መሃል ያገኘችውን ኖት በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች። ያው የንጉሡ ዘመን መቶ ብር ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ ወደ ግራ ተገፍቶ በቀኝ በኩል ሰፊ ነጭ ቦታ ተርፏል።

«ደህና ኖት ነው ብለው ነው ያመጡት?» አላት አቶ ዘውገ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ! ሟች ግን ይሳሳለት ነበር።»

«ይኼ ዓይን አይሞላም፣ እመቤቴ። ደህናው ምን እንደሚመስል ላሳይዎት።»

የራሱን ኖት ከመስታወቱ አውጥቶ ከእሷ ኖት ጎን አጋደመው። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየችና በየዋህነት፣ «የእርስዎ አጠረ እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። የእሷ ኖት በቀኝ በኩል የአንዲት ገብስ ፍሬ ያህል ይተርፋል። የአቶ ዘውገ ደም ፈላ። መጠርጠሩንስ ጠረጠረ፤ ግን የጠረጠረው እሷን ነው።

«ማነው የላከዎት?» ብሎ ጮኸባት። «አስመስሎ የተሠራ ወረቀት ይዘው ስሜን ሊያጠፉ ነው የመጡት?»

«ኧረ በስመ አብ! ማንም አልላከኝ!»

«ይውጡልኝ! ባልም ሞተ፣ ዳዊትም ተገለጠ፤ ይችን ተረት ብዙ ሰምቻታለሁ።»

ሴትየዋ ኖቷን ጠቅልላ ዕንባዋን እየዋጠች ወጣች።

ብቻውን ሲቀር ማስመሪያውን አነሣ። የገዛ ኖቱን ሲለካ ይህ የመጀመሪያው ነው። አነሰ። ደግሞ ለካው፤ አሁንም አነሰ። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ተመለከተ። ሦስቱ ጠርዞች በዕድሜ ለስልሰዋል፤ የቀኙ ግን በምላጭ የተቆረጠ ነው። ለካስ ያም ኖት ሲወለድ ያዘነበለ ነበር። አንድ ብልጥ ሰው ሰፊውን ኅዳግ ከርክሞ መሃል የተቀመጠ አስመስሎታል። የተከረከመ ኖት ደግሞ ዋጋው ካዘነበለውም በታች ነው።

እየሮጠ ሄዶ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ደረሰባት።

«እመቤቴ፣ ይመለሱ። ኖቱን በደህና ዋጋ ከእርስዎ ልግዛ።»

ወይዘሮ አመለወርቅ መሐረቧን ደረቷ ላይ ጨበጠችው። «መጀመሪያ ዓይን አይሞላም አሉኝ። ቀጥሎ አጭበርባሪ አደረጉኝ። አሁን ደግሞ ይሮጣሉ። በመሃሉ ምን ተገኘ? እውነቱን ይንገሩኝና ልሽጥልዎት።»

«የእኔ የተቆረጠ ነው፤ የእርስዎ ሙሉ ነው» ቢል ይበቃ ነበር። ነገር ግን የገበያው ነጋዴዎች ከየደጃቸው ብቅ ብለው ያዳምጣሉ። አቶ ዘውገ ዙሪያውን ቃኘ።

«ምንም አልተገኘም» አለ።

«እንግዲያው እኔም ልጠርጥር» ብላ ታክሲው ውስጥ ገባች።

አቶ ዘውገ ወደ ሱቁ ተመለሰና የተከረከመውን ኖት መስታወቱ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ መስታወቱ ጠጋ የሚል ደንበኛ ሁሉ ያስደነግጠዋል።

መጠርጠር ክፉ አይደለም። አቶ ዘውገን የጎዳው ሰውን ሁሉ እየጠረጠረ የወደደውን ነገር ሳይለካ መቀበሉ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ከለካው በኋላም እውነቱን መናገር አቅቶት አጭበርባሪው የጀመረውን ሥራ ራሱ መቀጠሉ ነው። ቢያዘነብልም ሙሉ የሆነው፣ ቀጥ ያለ እንዲመስል ከተቆረጠው ይበልጣል፤ ለኖትም ለሰውም።

እርስዎስ፣ ዓይንዎን ስለሞላ ብቻ ሳይለኩ የተቀበሉት ነገር ምን አለ? ለክተውት ቢያጥር፣ ሰው እየሰማ «አጠረ» ለማለት ይደፍራሉ?