ከአራቱ አንዱ ሲጎድል

አንዲት ምላሷ የሚፈራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ፋይሎቹን ሁሉ በኔትወርክ የሚያስቀምጥ፣ አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ዕቃ ለመግዛት አስቦ አንዱን ለሙከራ አስመጣና ገምግሚው ተባለች። ሳምንት ሙሉ ሞከረችውና "ይገዛ" አለች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ ግን ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ዕቃውን በጣታቸው እያንኳኩ፣ "ከዲስኮቹ አንዱ ቢበላሽስ?" ብለው ጠየቋት።

"ሥራው አይቆምም፤ ሦስቱ ይሸፍኑለታል።"

"ይኼ ተረት ነው" አሉ። "እኔ ከዚህ ቢሮ አንድ ቀን ብጎድል ሥራ ይቀጥላል? ወይ እዚሁ ሰው ፊት አስረጂኝ፣ ወይ ከነገ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ትገቢያለሽ።"

"ባለፈው ወር ለሥልጠና ሄደው ሁለት ሳምንት አልነበሩም" አለች ረጋ ብላ። "ሲመለሱ የቆመ ሥራ አገኙ?"

አቶ ልሳነወርቅ ዕቃውን ማንኳኳት ተዉ።

"ዕቃው ግን ከእኛ ይሻላል" አለች። "አንዱ ሲጎድልበት ወዲያው ቀይ መብራት ያበራል። እኛ የእርስዎን መሄድ ያወቅነው የሥልጠናውን ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ ነው።"