የባላምባራስ ሁለተኛ ዓይን

የሰዓሊው የውበቱ አንድያ ልጅ፣ ትዋብ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሞተች።

አንድ ቀን ውበቱ ከል እንደለበሰ ባላምባራስ ወንድይፍራው አስጠሩት። ባላምባራስ ለደብራቸው የእመቤታችንን ሥዕል ለማሠራት ስእለት አለባቸው። እንደ ባህሉ አሠሪው ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ይሣላል። የባላምባራስ እጅ ግን መያዝ እንጂ መስጠት አልለመደም። ያቀረቡት ሦስት ጣሳ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ።

«ነጩስ ጌታዬ?»

«ተማር! ቀለም ሁሉ የሚወለደው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው። ቢጫና ሰማያዊ ሲጋቡ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ብርቱካንማ፣ ቀይና ሰማያዊ ሐምራዊ። አዲስ አበባ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ነው የነገረኝ።»

«ነጭስ ከማንና ከማን ይወለዳል?»

ባላምባራስ ወደ ጣሳዎቹ ጠቆሙ። «ሦስቱንም አንድ ላይ አጋባቸው!»

ውበቱ እዚያው ፊታቸው በጠበጣቸው። የሐምሌ መንገድ የመሰለ ጭቃ ወጣ።

«ይኸው ነጭ!» አሉ ባላምባራስ። «ትንሽ አድፏል እንጂ።»

ልጁ ከሞተች ወዲህ ውበቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በሚስታቸው በወይዘሮ ዘርትሁን ልመና አንድ ስኒ ነጭ ተገኘ። ባላምባራስ እሱንም አዘዙበት። «መጀመሪያ የኔን ጋቢ! ከደጀ ሰላሙ ሆኖ የሚያየኝ ሁሉ እንዲያውቀኝ አድርገህ አንጣው። የተረፈው ለመላእክቱ ይሁን።»

መላእክቱ ራስና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ ከላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ። ውበቱ ከመካከላቸው ለትንሿ የትዋብን ፊት ሰጣት።

በንግሡ ዋዜማ፣ ጠዋት፣ ባላምባራስ ከነቤተ ዘመዳቸው ሊያዩ መጡ። መጋረጃው ሲገለጥ ጋቢው ዓይን ያጥበረብራል። ባለ ጋቢው ግን በጎን ነው የተሣሉት፤ ዓይናቸውም አንድ ብቻ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣል ደግሞ በአገሩ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

«ኧረ በስመ አብ! ይሁዳን መሰሉ እኮ!» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው። ከኋላ የቆሙት ዲያቆናት ሳል ጀመራቸው።

«አንተ ሰውዬ!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ። «ነገ አገር ሁሉ ሊያየኝ ነው! ሁለተኛው ዓይኔ የት አለ?»

«ለብሰውታል ጌታዬ።»

ባላምባራስ ጋቢውን አዩ፤ ዓይናቸውን አዩ። መውጫ ሲያጡ ወደ ላይ ጠቆሙ። «ያቺስ ትንሿ መልአክ? ሁለት ዓይን ከየት አመጣች?»

«እሷማ ጋቢ አልጠየቀችም።»

ያን ጊዜ ሳሉ ሁሉ ሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ዘርትሁን ምሰሶ ተደግፈው ሳቁ፤ የደብሩ አለቃ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሳቁ ሳያባራ ባላምባራስ በቅሎ አስጭነው ወደ ከተማ ላኩ። ከቀትር በኋላ አንድ ሙሉ ጣሳ ነጭ ከከተማ ደረሰ።

ውበቱ ባላምባራስን ወደ ሕዝቡ አዞራቸው፤ ሁለት ዓይን፣ እንደ እንቁላል የፈጠጡ። ከዚያ ማንም ሳያዘው መሰላሉን ወጣ። በብሩሹ ጫፍ የቀረችውን ነጭ በትንሿ መልአክ የዓይን ብሌን ላይ እንደ ብርሃን ጠብ አደረጋት።